ውሃ የማይጠጣ አፈር፦ የወለልና የግድግዳ ሸክላ ታሪክ ከማንኩሳ ሲታይ

ማንኩሳ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ከግንበኛው ጋር ሲነጋገር ሳያስበው የብዙ ዘመን ቋንቋ ይናገራል። ግድግዳው በጭቃ ይመረግ ካለ ቃሉ የአያቶቹ ነው። ኖራ ይቀባ ካለ ከዓረብኛ ጋር የምንጋራውን ቃል ጠራ። ወለሉ ሊሾ ይሁን፣ ማልታው ወፈር ይበል፣ ዞኮሎ ይዙርበት ካለ ደግሞ ጣሊያንኛ እየተናገረ ነው፤ ሊሾ በዚያ ቋንቋ ለስላሳ ማለት ነው። ኪሱ ፈቅዶለት ሴራሚክ ይነጠፍ ሲል የሚጠራው ቃል ከግሪክ የተነሣ ነው፤ ሥሩ ሲፈለግ የሸክላ ሠሪ ጭቃ ማለት ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ዞሮ ዞሮ ከአያቶቹ ጭቃ አልራቀም።

ዜና መዋዕል የንጉሥን ዙፋን ይጽፋል፤ ዙፋኑ የቆመበትን ወለል እምብዛም አይጽፍም። ስለዚህ የወለል ታሪክ ከቁፋሮ፣ ከተጓዦች መጽሐፍ፣ ከአዋጅ፣ ከቃላትና ከራሱ ከአፈሩ ጠባይ እየተለቀመ የሚጻፍ ነው። እኔም በዚህ መንገድ አንድ ጥያቄ ልከታተል፦ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሸክላ ሲተኩስ የኖረ አገር የተተኮሰ ሸክላ ወለሉ ላይ ያላነጠፈው ለምንድን ነው?

አፈሩ

ማንኩሳ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ስሟን ያውቀዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልቦለድ ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህ ነው። አገሩ የቆመው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈስሶ በረጋ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ያን ድንጋይ የጎጃም ዝናብ ለዘመናት ሲያጥበው ኖሮ ቀይ አፈር አወጣበት። ቀይነቱ ከብረት ዝገት ነው። ልስላሴው ደግሞ ለሸክላ ሥራ ከሚመረጠው ካኦሊን ከሚባለው የጭቃ ዘር ጋር ያዛምደዋል።

ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ያለው ዋልካ ግን ሌላ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲገባ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዋልካ ላይ የቆመ ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሊሾው ይነሣል፣ በላዩ የተነጠፈው ሁሉ አብሮ ይላቀቃል። ዛሬም የወለል ንጣፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከበታቹ ያለው አፈር ምን ዓይነት ነው ተብሎ ነው። የሴራሚክ ታይል የቱንም ያህል ቢጠነክር መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ አይተጣጠፍም፤ ይሰበራል እንጂ።

ሸክላ ሠሪዋ ይህን ልዩነት ያለ ቤተ ሙከራ ታውቀዋለች። አፈሩን ከምታውቀው ጉድጓድ ታመጣለች፣ ትደቁሳለች፣ ትነፋለች፣ ታቦካለች። ጭቃው ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ተኮማትሮ ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተደቆሰ ገል ትጨምርበታለች። አንድ ጊዜ እሳት ያየ ገል ዳግመኛ አይኮማተርም፤ በአዲሱ ጭቃ መካከል እንደ አጥንት ሆኖ ይይዘዋል። የዘመኑ ፋብሪካም ስባሪውን ፈጭቶ ወደ ጭቃው ይመልሳል።

እሳቱ

ሸክላው የሚተኮሰው ደጅ ላይ ነው። ዕቃው ይደረደራል፤ እንጨት፣ ኩበትና ገለባ ይከመርበታል፤ ይለኮሳል። አፈር ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ከውስጡ ጋር ተሳስሮ የኖረውን ውሃ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ ጭቃ አይሆንም። ደጅ ላይ የሚነድ እሳት እንደ ማገዶውና እንደ ነፋሱ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ያደርሳል። አፈሩን ወደ ሸክላ ለመለወጥ ይህ በቂ ነው። ቀዳዳዎቹን በቀለጠ መስታወት ለመድፈን ግን አይበቃም፤ ለዚያ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል።

እንስራ የሚያልበው ለዚህ ነው። ውሃው በማይታዩ ቀዳዳዎች እየወጣ በላዩ ላይ ይተናል፣ ሲተንም ውስጡን ያቀዘቅዛል። ለእንስራ ይህ ጉድለት ሳይሆን ሙያ ነው። ለምጣድ ግን አይሆንም፤ ሊጡ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይይዛል። ስለዚህ ባልትና ያላት ሴት አዲስ ምጣድ ስትገዛ ወዲያው አትጋግርበትም፤ ታሟሸዋለች። ምጣዱን አግላ የተፈጨ ጎመን ዘር ትበትንበታለች፣ በማሰሻ እያሸች ታዳርሰዋለች፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፣ ዱቄቱም ይጠቁራል። ጠርጋ ትደግመዋለች። ቅባቱ በሙቀቱ ተለውጦ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ የምጣዱ ፊት ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል።

ሴራሚክ ላይ የሚታየው አንጸባራቂ ቅብ ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ በምጣዱ ላይ ቀዳዳውን የሚደፍነው ቅባት፣ በታይሉ ላይ ደግሞ በእሳት የቀለጠ መስታወት መሆኑ ነው። የጎጃም ባለሙያ ሴት ሸክላ ምን ያህል ይጠጣል፣ ምንስ ይደፍነዋል የሚለውን ጥያቄ ከነመልሱ ታውቀው ነበር። የሚገርመው ያ እውቀት ከማጀት ወደ እልፍኝ አለመሻገሩ ነው።

ድንጋይና ኖራ

የተተኮሰ ሸክላን ለግንባታ ማዋል ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 በኔቪል ቺቲክ የሚመራው የቁፋሮ ቡድን አክሱም ላይ ያገኘው መቃብር «የጡብ ቅስቶች መቃብር» የሚባለው በተተኮሰ ጡብ በተሠሩት፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባላቸው ቅስቶቹ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራውን ቀጥለውበታል። ዘመኑ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። የአክሱም ግንበኞች ግን ጡቡን በልዩ ቦታ ተጠቀሙበት እንጂ የትልልቅ ሕንፃዎቻቸውን ወለል በድንጋይ ንጣፍ ሸፈኑ። ጥሩ ድንጋይ በእጁ ያለ ሕዝብ ደን አንድዶ ድንጋይ የሚመስል ነገር መሥራት አያስፈልገውም ነበር።

ጎጃም ላይ በድንጋይና በጭቃ መካከል አዲስ ነገር የገባው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1618 እ.ኤ.አ. ከማንኩሳ ብዙም በማይርቀው ሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት አሠርቷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ማኑኤል ደ አልሜዳም ስለ አገሩ ቤቶች አሠራርና ስለ ኖራ መገኘት ጽፏል። በምሥራቅ ጎጃም የመርጡለ ማርያም የግንብ ፍርስራሽ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ኢየሱሳውያኑ በፋሲል ተባረሩ፤ ኖራው ግን ቀረ። በ1628 ዓ.ም. የተቆረቆረችው የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በእርሱ ነው።

ኖራ የግድግዳን ጥያቄ መለሰ፤ የወለልን ግን አልመለሰም። የገበሬው ቤት ግድግዳ ጭድ በገባበት ጭቃ ሲመረግ፣ ወለሉ ተደልድሎ በእበት ሲለቀለቅ ኖረ። እበት መለቅለቅን እንደ ድህነት ብቻ ማየት የታሪክ ስሕተት ነው። በእበት ውስጥ ያለው ያልተፈጨ ሣር አፈሩን እንደ ጭድ ያያይዘዋል፣ አቧራውን ይይዘዋል፣ ሲላላጥ በማግስቱ ያለ ወጪ ይታደሳል። ለበዓል ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። የጥንቱ ወለል ብልሃት አለማለቅ ሳይሆን መታደስ ነበር። ከ900 ዲግሪ በታች የተተኮሰ ሸክላ ቢነጠፍ ኖሮ ውሃ ይጠጣ፣ በእግር ብዛት ይፋቅ፣ ሲሰበርም ለማደስ እንደገና እሳት ይጠይቅ ነበር። በዚያ እሳት ዋጋ ሲመዘን እበት የተሻለ ወለል ነበር።

ሠሪዋ

የእሳቱ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎች አገሮች እሳቱን አሻሽለዋል። በግብፅ የጆዘር ፒራሚድ ሥር ያሉትን ክፍሎች ሰማያዊ ሰሌዳ ያለበሷቸው ከ4,600 ዓመት በፊት ነው። በባቢሎን የኢሽታር በር በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በሰማያዊ ቅብ ጡብ ተሸፍኗል። እነዚህን ያሠሩ ነገሥታት ለምድጃ ሠሪው ማገዶ፣ ደመወዝና ክብር ሰጥተዋል። የእኛ ሸክላ ሠሪ ከሦስቱ አንዱንም አላገኘችም።

በጎጃምም በጎንደርም ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂና ሸማኔ ቡዳ እየተባሉ ሲፈሩና ሲናቁ ኖረዋል። አብዛኞቹ ርስት አልነበራቸውም። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ወንዶቻቸው ግንበኛና ቀጥቃጭ፣ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪ ሆነው ለነገሥታቱም ለገበሬውም ሠርተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ሲበዛ ነውና ይህ ራሱ ምስክር ነው። ርስት የሌላት ሴት ቋሚ ምድጃ የምትሠራበት መሬት የላትም፤ ሙያዋ የሚያሰድባት ሴት ሙያዋን ለማሳደግ ብድር የሚሰጣት የለም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ ያገሩን ዕቃ ሁሉ የምትሠራው እርሷ ከሁሉ ያነሰውን ያዘች።

ሌላም ነገር አለ። ማጀቱ የሴት፣ ግንባታው የወንድ ነበር። ጣራ የሚከድነው፣ ማገር የሚያስረው፣ ድንጋይ የሚያነባብረው ወንድ ነው፤ ሸክላውን የሚያውቁት እጆች ግን የሴት ናቸው። ሁለቱ ሙያዎች አንድ ቤት ውስጥ ኖረው በወለሉ ላይ አልተገናኙም። ከማስረጃዎቹ ተነሥቼ የምደርስበት መልስ ይህ ነው፦ ሸክላው ወደ ወለሉ ያልወረደው አፈር ጠፍቶ አይደለም፤ ማገዶው ውድ፣ ሠሪዋ የተናቀች፣ እበቱም በቂ ስለነበሩ ነው።

ጦሩ ሄደ፣ ሊሾ ቀረ

የጣሊያን ወረራ ለማንኩሳ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በጎጃም ያሉትን የጣሊያን ምሽጎች አጠቃ። ከምሽጎቹ መካከል ቡሬና ማንኩሳ ይገኙ ነበር። በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዘው ጦር የካቲት 25 ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ሸሸ። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው የጎረቤት ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘው ከእርሳቸው ነው።

ጦሩ ሲሄድ የግንበኛው ቋንቋ ቀረ፦ ማልታ፣ አርማታ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ ጣውላ፣ ሊሾ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያው ዘመን ድሬዳዋ ላይ ተቋቁሞ ስለነበር ቃሉ ያለ ዕቃው አልቀረም። ሊሾ ርካሽ ነው፣ በውሃ ይታጠባል፣ በአንድ ቀን ይለሰናል። ሲሚንቶው ሲጠነክር ግን በመጠኑ ይኮማተራልና ሰፊ ክፍል ሳይከፋፈል ከተለሰነ ይሰነጠቃል፤ ሲያረጅ ይቦረቦራል፣ ያቦናል፤ ዘይት ከፈሰሰበት ጠጥቶ ያስቀረዋል። ሰም እየተቀባ መወልወሉ በሌላ ስም ምጣድ ማሟሸት ነው።

ሁለት ዓይነት አፈር

ዛሬ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ የሚሸጠው ታይል መነሻው የእንግሊዙ ሪቻርድ ፕሮሰር በ1840 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት ብልሃት ነው፦ የቦካ ጭቃን በመጠፍጠፍ ፈንታ ጥቂት እርጥበት ብቻ የቀረውን የሸክላ ዱቄት በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል መጫን። ውሃው ጥቂት ስለሆነ ሲደርቅ አይጣመምም፤ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል ይሆናል።

የወለሉና የግድግዳው ታይል ግን በመልክ ቢመሳሰሉም ሁለት ዓይነት ዕቃ ናቸው። ዓለም አቀፉ መለኪያ አይኤስኦ 13006 የሚለያቸው ሸክላ ሠሪዋ በምታውቀው ጥያቄ ነው፦ ምን ያህል ውሃ ይጠጣል? ፖርሲሊን የሚባለው ከክብደቱ ከመቶ 0.5 በላይ አይጠጣም። የግድግዳው ከመቶ 10 በላይ ይጠጣል። ለፖርሲሊኑ ከካኦሊንና ከኳርትዝ ጋር ፌልድስፓር የሚባል ድንጋይ ይፈጭበታል፤ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ፌልድስፓሩ ቀልጦ ቀዳዳውን ይሞላል። በግድግዳው ጭቃ ውስጥ የሚገባው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ይህ ሸክላው በእሳት እንዳይኮማተር ስለሚጠብቀው መጠኑ ሳይዛነፍ ይወጣል፣ ግን ቀዳዳው አይደፈንም። የፖርሲሊኑ የመታጠፍ ጥንካሬ ከግድግዳው ሸክላ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል።

የግድግዳው ሸክላ መጠጣቱ ነውር አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚራመድ የለም፤ የሚፈለገው ቀላልነትና መያዝ ነው። ግንበኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የግድግዳውን ታይል በርሜል ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። አረፋው እየተንጫጫ ይወጣል፤ ሲያቆም ሸክላው ጠግቧል ማለት ነው። ሳይጠግብ ከተለጠፈ የማልታውን ውሃ ይስበዋል፣ ሲሚንቶው ውሃ አጥቶ ሳይጠነክር ይደርቃል፣ ታይሉም ከወራት በኋላ ይረግፋል። ፖርሲሊንን መንከር ግን ከንቱ ነው፤ አይጠጣም። ስለማይጠጣም ተራ ማልታ በቅጡ አይዘውም፤ ለእርሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ይህን ሳይለይ ሁለቱንም በአንድ ማልታ የሚለጥፍ ግንበኛ አንዱን ያበላሻል።

የፊቱ ቅብም በቦታው ይመዘናል። የቅብ ታይል የመፋቅ አቅም ከዜሮ እስከ 5 በደረጃ ይለካል። ዝቅተኛው ለግድግዳ ወይም በባዶ እግር ለሚረገጥ መታጠቢያ ይሆናል፤ ከደጅ የሚገባበት በርና ሱቅ ከፍተኛውን ይጠይቃሉ። አሸዋ ከመስታወት ይጠነክራል፤ ከጫማ ሥር የገባች ፍሬ ደካማውን ቅብ ትቧጭረዋለች። የሚያብለጨልጨው ሲረጥብ ያንሸራትታልና ለመታጠቢያና ለደጅ ሸካራው ይመረጣል። ውርጭ ቀዝቃዛ አገር የሚያስጨንቀውን ያህል ማንኩሳን አያስጨንቃትም። እዚህ የሚያስጨንቀው የክረምቱ ቀይ ጭቃ ነው፤ በመጋጠሚያው ነጭ ሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ አይለቅም።

የኢትዮጵያ አፈርም ወደዚህ እሳት ገብቷል። ሐዋሳ ያለው ታቦር ሴራሚክ ከደቡብ ኢትዮጵያ የቦምቦዋ ካኦሊንና የቀንጢቻ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ሲጠቀም ቆይቷል። በአማራ ክልልም ሰሜን ሸዋ፣ አረርቲ ላይ ለግንባታ ዕቃ ማምረቻ የታሰበ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። ማገዶና ገለባ ያልደረሱበት 1,200 ዲግሪ አሁን አገር ውስጥ ይነድዳል።

እግሩ

እስካሁን የወለልን ነገር ከውበትና ከዋጋ አንጻር አየነው። የጎጃም ቀይ አፈር ግን ሌላ ሒሳብም አለው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እግር እያሳበጠ የሚያጎሳቁል አንድ በሽታ ከትንኝም ከትልም እንዳልሆነ አሳዩ። መነሻው በደጋና በወይናደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው፤ ደቃቅ ማዕድናቱ በቆዳ በኩል ይገባሉ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ተሰጠው። ሕዝቡ ከሌላው ዝሆኔ አይለየውም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በማንኩሳ ጎረቤት በደምበጫ ወረዳዎች ከመቶው 3.3 የሚሆነው ሰው በሽታው እንዳለበት አግኝቷል። መከላከያው ጫማ፣ እግርን መታጠብና ወለልን መሸፈን ነው።

ሦስተኛው ምክር የወለልን ታሪክ ከጌጥ ጉዳይነት ያወጣዋል። በ1992 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎቹን ወደየቤቱ ሲልክ የወለሉን ዓይነት ያስመዘግባል፦ አፈር፣ እበት፣ እንጨት፣ ሸንበቆ፣ ሲሚንቶ፣ የሴራሚክ ታይል። የገጠሩ ቤት አብዛኛው ከአፈርና ከእበት አልፎ አልተመዘገበም። የጤና ቅጽ ስለ ወለል ሲጠይቅ የሚፈልገው የቤቱን ጌጥ ሳይሆን የቤተሰቡን ኑሮ ነው። ለሦስት ልጆች አባት ለሆነ የማንኩሳ ገበሬ ተገቢው ወለል ፖርሲሊን ላይሆን ይችላል፤ በደንብ በተደለደለ መሬት ላይ የተለሰነ፣ በየማታው የሚታጠብ ሊሾ እግሩን ከአፈሩ ይለይለታል።

በገበያ ቀን ግን የሁለቱ ዘመን ሰዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዷ እናት እንስራ አንሥታ በጣቷ አንጓ ትመታዋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ትከፍላለች፣ ከደነቆረ ስንጥቅ አለውና ትመልሰዋለች። ከመንገዱ ማዶ ግንበኛው ከካርቶን ያወጣውን ታይል አንጠልጥሎ በጣቱ ይመታል። ነገ ለጥፎት ሲጨርስም በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ይፈልጋል። ብልሃቱ ከእርሷ ይሁን ከሌላ የተማረበትን ቀን አያስታውስም። እርሷ ግን እንስራውን አዝላ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታይል እያየች ታልፋለች።